ደረሰኝ የሚሰጥ ሌባ

ሌባ ኪሳችሁን አራቁቶ ሲያበቃ ደረሰኝ ቆርጦ ቢሰጣችሁ ምን ትላላችሁ? «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ነገሩን ያገኘሁት ግን ከፖሊስ መዝገብ ሳይሆን ከልብ ወለድ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቴሪ ፕራቼት በ1989 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ጋርድስ! ጋርድስ!» የተባለ መጽሐፍ ነው። ደራሲው በ2015 እ.ኤ.አ. አርፏል፤ መጽሐፉ ግን አልሞተም።

ያነበብኩት ወረታ ውስጥ ነው። ለሥራ ሄጄ ዝናብ አላስወጣ ሲለኝ ቡና ቤት ተቀምጬ ብቻዬን ስስቅ፣ ቡና የምታፈላዋ ልጅ «ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» እስክትለኝ ድረስ ነው የሳቅኩት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ጠፍጣፋ ዓለም አለ፤ በአራት ዝሆኖች ጀርባ ላይ ተቀምጧል፤ ዝሆኖቹ ደግሞ በአንድ ግዙፍ ኤሊ ላይ ቆመዋል። በዚያ ዓለም አንክ-ሞርፖርክ የምትባል ከተማ አለች። ሌቦቿ ሕጋዊ ማኅበር አላቸው፤ የሚሰርቁት በኮታ ነው፤ ለተሰረቀው ሰው ደረሰኝ ይሰጣሉ። ያለ ፈቃድ የሰረቀውን ማኅበሩ ራሱ ይቀጣዋል። የሌሊት ዘብ የሚባሉት ፖሊሶች ሥራ ፈትተዋል፤ አዛዣቸው ሳም ቫይምስ ብስጭቱን በመጠጥ ይረሳል። ከዕለታት አንድ ቀን ከቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ ይሰረቃል። የሰረቁት በሥውር የሚዶልቱ ሰዎች ናቸው። በመጽሐፉ አስማት ዘንዶ ጠርተው ከተማውን ሊያሸብሩ፣ ከዚያ «ዘንዶውን የገደለ ጀግና» ብለው የራሳቸውን አሻንጉሊት ሊያነግሡ ነው። ምን ዋጋ አለው! ዘንዶው ራሱ ነገሠና ዐረፈው።

የከተማው ሕዝብስ? መጀመሪያ ደነገጠ። ቀጥሎ ለመደው። ኋላማ «ምን ይደረግ፣ ዘንዶም እኮ የራሱ ጥቅም አለው» ማለት ጀመረ። እኔ ሳቄ ያቆመው እዚህ ላይ ነው።

ይኸው ደራሲ በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ሜን አት አርምስ» ደግሞ ቫይምስ ስለ ጫማ ይፈላሰፋል። ጥሩ ጫማ 50 ዶላር ነው፤ ለዓመታት ያገለግላል። መናኛው 10 ዶላር ነው፤ አንድ ሁለት ወቅት ቆይቶ ውኃ ያስገባል። ሀብታም አንዴ 50 ይከፍላል። ድሃ 50 ስለሌለው አሥር አሥር እያለ በአሥር ዓመት 100 ይከፍላል፤ እግሩ ግን እርጥብ ነው። ቀልድ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። በ2022 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ጃክ ሞንሮ የተባሉ ጸሐፊ የድሃውን የምግብ ዋጋ ንረት መለኪያ ለማዘጋጀት ሲነሱ በዚሁ በቫይምስ ጫማ ስም ነው የሰየሙት።

ዝናቡ አባርቶ ወደ ሜዳው ስወጣ ጫማውን አየሁት። የፎገራ ሜዳ ክረምት ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የሚተኙበት አገር ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያስተዋወቁት ሩዝ ዛሬ ሜዳውን ወርሶታል፤ ወረታም የብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆናለች። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቦቲያቸውን ከጭቃው እየነቀሉ ሲመጡ አየሁ፤ ቦቲው ተቀዶ በገመድ ታስሯል።

«አባቴ፣ ጠንከር ያለውን ለምን አይገዙም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የጠንካራው ዋጋ የሚገኘው ሩዙ ሲሸጥ ነው፤ ጭቃው ያለው ደግሞ ሩዙ ሳይሸጥ ነው» አሉኝ።

እኔ ዲፕሎማ ይዤ ያላወቅኩትን ኢኮኖሚክስ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱልኝ! ሩዙ ሲደርስ ደግሞ ዕዳ ያለበት ሰው ዋጋ እስኪወጣ አይጠብቅም፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገበያ ሲያወጣው ዋጋው ይወድቃል። ገዝቶ ያከማቸው ሰው በክረምት ለዚያው ገበሬ መልሶ ይሸጥለታል። ሚዛን ካልተሰረቀ ይህ ወንጀል አይደለም። ደረሰኝም አለው!

ከዚህ የበለጠ የወንጀል ታሪክ ከየት ይመጣል? በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም እንኳ ግጦሿ ወደ ሩዝ ማሳ ሲለወጥ ቁጥሯ ተመናምኗል። ማን በላት? ሩዙ ነው እንዳንል አገር መግቧል፤ ገበሬው ነው እንዳንል ልጆቹን አሳድጎበታል። ተጠርጣሪው ብዙ፣ ተከሳሽ ግን የለም። ሌባና ፖሊስ ብቻ የሚያሯሩጥ ልብ ወለድ ይህን መዝገብ አይከፍተውም። የሚከፍተው የሚያስቅ ልብ ወለድ ነው፤ እሱ «ማን ሰረቀ?» ብቻ ሳይሆን «ሌብነቱን ማን አስለመደን?» ብሎ ይጠይቃላ!

ይህ ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በቀልድና በቅኔ ሹሙንም ባለጸጋውንም የሸነቆጡት አለቃ ገብረ ሐና የዚሁ የፎገራ ልጅ ናቸው። የጎጃሙ አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» ሲል ገና በማኅፀን ያለ ሕፃን ይህን ዓለም አልቀበልም እንዲል አድርጎ ጽፏል፤ መጽሐፉ ታገደ። በዓሉ ግርማ ስለላን ከፖለቲካ ጋር ገምዶ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ በ1976 ዓ.ም. ወጥቶ ቀረ። የብዕር ዋጋ እዚህ አገር በዶላር አይቆጠርም። ደራሲዎቻችን ጥርሳቸውን ነክሰው የሚጽፉት ወደው እንዳልሆነ ይገባኛል።

ቢሆንም እላለሁ፦ አንዱ ወጣት ይነሳና አለቃን ከመቃብር ቀስቅሶ መርማሪ ያድርጋቸው። የፎገራ ላም ምስክርነት ትስጥ። ሚዛኑ አፍ አውጥቶ ይናዘዝ። ዘንዶውም ከጣና ይውጣ፤ እኛም ለምደነው ጥቅሙን ስንዘረዝር ይጻፍብን። አንብበን እንስቅ ይሆናል፤ ስቀን ስናበቃ ግን በእጃችን የያዝነውን ደረሰኝ ገልብጠን ማየታችን አይቀርም።

እኚያ ሽማግሌ ግን ዘንድሮም በዚያው ቦቲ ናቸው።