ጉድጓዱ የየግል፣ ውሃው የጋራ

ሱሉልታ መንገድ ላይ የታሸገ ውሃ የጫነ አይሱዙ ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ወረፋ ከሚጠብቁ እናቶች አጠገብ ሲያልፍ ያላየ የአካባቢው ሰው ያለ አይመስለኝም። ይህን ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ላይክም ያመጣል። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ግን መሬት ውስጥ ስላለው ነው።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ውሃቸው ግን የከተማ ወሰን አያውቅም። ከእንጦጦ ጀርባ የዘነበው በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል። በቡራዩና በሰበታ በኩል ያለው ደግሞ መድረሻው አዋሽ ነው። ፋብሪካውም፣ አበባ እርሻውም፣ የከተማው ውሃ አገልግሎትም በየፊናቸው ቆፍረው የሚስቡት ከዚሁ ዝናብ መሬት ውስጥ የሰረገውን ነው።

ፓምፕ ሲስብ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ውሃ ዝቅ ይላል። ጎረቤቱም አብሮ ከሳበ ውሃው ለሁለቱም ይሸሻል። ታዲያ አንዱ ጠለቅ አድርጎ ይቆፍራል፣ ሌላውም ይከተለዋል፤ የመብራት ሂሳቡም አብሮ ይወጣል። በዚህ እሽቅድምድም መጀመሪያ የሚደርቀው የገበሬው የእጅ ጉድጓድ ነው። አዋጅ ቁጥር 197/1992 እኮ ለቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ ሰጥቷል!

«ተፎካካሪ ድርጅቶች እንዴት ይተባበራሉ?» የሚል ይኖራል። ናይሮቢን እንይ። በ2007 ዓ.ም. የከተማዋ ውሃ ድርጅት፣ የኃይል አመንጪው መሥሪያ ቤት፣ ኮካ ኮላና የአገሩ ቢራ ጠማቂ ሌሎችንም ጨምረው የጣና ወንዝን የላይኛውን ተፋሰስ የሚያለማ የውሃ ፈንድ አቋቋሙ። (ጣና ስል የኬንያውን ወንዝ ነው፣ የእኛን ሐይቅ አይደለም።) ገንዘቡ ላይ ያለው ገበሬ እርከን እንዲሠራና ዝናብ እንዲያጠራቅም ይውላል። የሚገርመው፣ ያ ቢራ ጠማቂ ያኔ የዲያጆ ነበር። ሰበታ ያለውን ሜታን ከ2004 እስከ 2014 ዓ.ም. የያዘውም ራሱ ዲያጆ ነው። እዚያ የተቻለ እዚህ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ሜታን የገዛው ቢጂአይም፣ በ2008 ሱሉልታ ላይ በአቢሲንያ ስፕሪንግስ ድርሻ ይዞ የገባው ኔስሌም ለዚህ አቅም አያንሳቸውም።

ደግሞ ለእኛ አገር አዲስ ሐሳብ አይደለም። ከሰበታ በላይ፣ ወጨጫ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር ተተከለ ይባላል። ለዚያ ተዳፋት ውሃውን የሚሸጠው ሁሉ በሜትር ኩብ ትንሽ ትንሽ ቢያዋጣ ምን ይጎድልበታል?

በ2009 መስከረም መጨረሻ ሰበታ ላይ ፋብሪካ ሲቃጠል አይተናል። ቁጣው የኢሬቻው ሐዘንና የመሬት ጥያቄ ነበር፤ በውሃ አላመካኝም። ግን ጎረቤቱ እንደ ባዕድ የሚያየው ፋብሪካ በክፉ ቀን የሚቆምለት አያገኝም። ይሄንን የኢንቨስትመንት ቢሮዎቻችን በጥናታቸው ውስጥ ቢያስገቡት ጥሩ ነበር።

ለጅምር ፈንድ እንኳ አያስፈልግም። ጉድጓድ ያለው ሁሉ በወር አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ቀን፣ የውሃውን ከፍታ ለክቶ አንድ ቦታ ያስገባ። ስንት ጠርሙስ እንደሸጠ የንግድ ሚስጥሩ ነው፣ አልነካበትም። የውሃው ከፍታ ግን የማንም ሚስጥር አይደለም። ቁጥሩን የሚሰበስበው ገለልተኛ ከተፈለገ ሰበታ ራሷ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አላት፤ ቢያንስ ሰዎቹ ለውሃ እንግዳ አይደሉም። የመጀመሪያው ልኬት ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ቢሆን ይመረጣል፤ ውሃው በጣም የሚወርደው ያኔ ነው።