በስልክ የሚመዘን መስክ

እናንት የገበዘ ማርያም፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም እኩዮቼ፣ ዕድሜ የተሰጠን ለዝምታ አይደለም። የመሬት ውበት በኢንተርኔት መጠይቅ የሚለካበት ዘመን መጥቷል። ፎቶ ይለጠፋል፤ መሬቱን ረግጦ የማያውቅ ሰው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ተደምሮ ካርታ ይሆናል። ካርታውም ሎጅ የት ይሠራ፣ መንገድ በየት ይለፍ፣ የትኛው ቦታ ለባለሀብት ይሰጥ በሚባልበት ጠረጴዛ ላይ ሊዘረጋ ይችላል።

አሠራሩ ከንቱ ነው አልልም። በብሪታንያ ከ200 ሺህ በላይ ፎቶዎች በዚህ መንገድ ተመዝነዋል። የዋርዊክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በ2008 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ውብ በተባለ አካባቢ የሚኖር ሰው ጤናው የተሻለ መሆኑን እንደሚናገር አሳይተዋል። ቁም ነገር ነው። በ2009 ዓ.ም. ግን በዚያው ነጥብ ላይ ሌላ ነገር አገኙ፤ ተራራና ሐይቅ ከፍ ሲል ጠፍጣፋ ሣር ዝቅ ይላል።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ጠፍጣፋ ሣር ማለት የእኛ መስክ ነው። በጥምቀት ሕዝቡ የሚሰበሰብበት፣ ጉግስ የሚጋለብበት፣ ሽማግሌ ለእርቅ የሚቀመጥበት፣ ከብቱ የሚውልበት መስክ በስልክ ላይ ባዶ ቦታ ነው። ባዶ የተባለ መሬት ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው። በአንጻሩ ምንጭ ዳር በመስመር የተተከለ ባሕር ዛፍ አረንጓዴ ሆኖ ያምራል፤ ምንጩ መጉደሉን ፎቶው አይናገርም። ወሩስ? ጥቅምት ላይ ኑግ አብቦ ማሳው ቢጫ ሲሆን የተነሣውንና መጋቢት ላይ ቃርሚያው እንኳ ካለቀ በኋላ የተነሣውን አንድ መሬት ነው ብሎ ማን ያምናል? ጎተራው የሞላ ገበሬ በመጋቢት ማሳ አይከፋም፤ ነጥብ ሰጪው ግን ጎተራውን አያየውም።

ከሁሉ የሚከፋው የመላሹ ማንነት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት ስለ ጎጃም መልክዐ ምድር መጠይቅ ቢወጣ መላሹ ማን ይሆን ነበር? የአዲስ አበባው ሰውና በባዕድ አገር ያሉት ልጆቻችን። እነርሱ ደግሞ፣ እግዜር ይባርካቸው፣ በናፍቆት ሁሉን 10 ይሉታል። ኔትወርኩ ቢመለስም እረኛው፣ ውኃ ቀጂዋና እኛ ከመጠይቁ ውጭ ነን።

ስለዚህ ፎቶ አንሺው ሲመጣ አታባርሩት፤ ብቻውንም አትልቀቁት። በበጋም በክረምትም አብራችሁት ዙሩ። ጥያቄው ስልክ ለሌለው በቃል ይቅረብ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ሴቱም ወንዱም ይመልስ። ውጤቱ ካርታ ሆኖ ወደ ወረዳ ከመሄዱ በፊት በእኛው ፊት ይነበብ። መጠይቁን የሚያዘጋጁት ይህን እምቢ ካሉ ተቃውሟችሁን በቃለ ጉባኤ አስፍራችሁ፣ ፈርማችሁ ለወረዳው አስገቡ።