ተጨማሪ ቀረጥና የክፍያ ሚዛን

አንድ አገር ወደ ውጭ የሚከፍለው ገንዘብ ከውጭ ከሚያገኘው የበለጠ እንደ ሆነ የክፍያ ሚዛኑ ጐደለ ይባላል። እንዲህ ያለው ጕድለት በደረሰ ጊዜ ብዙ መንግሥታት አስቀድመው የሚያስቡት በገቢ ዕቃዎች ላይ ቀረጥ መጨመርን ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቀረጥ በአንድ ዐዋጅ ይጨመራል፥ ወደ ውጭ የሚላከውን ምርት ማብዛት ግን ዓመታትን ይፈጃል። ይሁን እንጂ ፈጥኖ የሚያስታግሥ መድኀኒት ሁሉ በሽታውን ይነቅላል ማለት አይደለም።

ለዚህም የብሪታንያ ታሪክ በቂ ምስክር ነው። የሃሮልድ ዊልሰን መንግሥት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1964 ሥልጣን ሲይዝ፥ የዓመቱ ጕድለት 800 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል እንደሚሆን ተገምቶ ነበር። መንግሥቱ የፓውንዱን ምንዛሪ ዝቅ ላለማድረግ ቈርጦ፥ በዚያው ወር በ26ኛው ቀን በፋብሪካ ውጤቶች ላይ የ15 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ መጣሉን አስታወቀ፤ ምግብ፥ ትምባሆና ዋና ዋናው ጥሬ ዕቃ ግን ነጻ ሆኑ። በአውሮፓ ነጻ የንግድ ማኅበር ውስጥ ያሉት ባልደረቦችዋ ወዲያው ተቃወሙ። በፓውንዱም ላይ የታጣው እምነት ስላልተመለሰ፥ በተከታዩ ወር የባንኩ ወለድ ወደ 7 በመቶ ከፍ ተደረገ፥ 3 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላርም ብድር ከውጭ ተፈለገ። ቀረጡ በ1965 ወደ 10 በመቶ ወርዶ፥ በኖቬምበር 1966 መጨረሻ ተነሣ። ከዚያ ዓመት ሳይሞላ፥ በኖቬምበር 18 ቀን 1967፥ ያ ሁሉ የተደከመለት ፓውንድ ከ2.80 ወደ 2.40 ዶላር ዝቅ አለ። ቀረጡ ፋታ ሰጠ እንጂ ጕድለቱን አልፈወሰም።

የነገሩ ሥር ሩቅ አይደለም። ጕድለት የሚመጣው አገር ከሚያመርተው በላይ ሲያወጣ ነው። ቀረጥ ገዢው የሚመርጠውን ዕቃ ይለውጣል፤ የወጪውን ልክ ግን ሁልጊዜ አይቀንስም። ከውጭ ዕቃ የተረፈው ገንዘብ በአገር ውስጥ ምርት ላይ ሲፈስ ዋጋው ይወደዳል፥ ለውጭ ገበያ የታሰበውም ዕቃ እዚያው ይሸጣል። ላኪውም ቢሆን ጎማ፥ መለዋወጫና ማሸጊያ የሚገዛው ከአስመጪው ነውና፥ በገቢው ላይ የተጣለው ቀረጥ ዞሮ በወጪው ንግድ ላይ ያርፋል።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ተከልክሎ ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ነው። መንገዱ ቢለያይም፥ እዚህም እንደ ብሪታንያ ነገሩ በመጨረሻ በምንዛሪው ላይ ደረሰ።

ከክልከላና ከቀረጥ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ግን ቀረጥ ይሻላል። ቀረጥ ለመንግሥት ገቢ ያስገኛል፥ ሒሳቡም ለሁሉ የታወቀ ነው፤ ክልከላ ግን ሐቀኛውን አስመጪ ከሥራ አስወጥቶ ለኮንትሮባንድ ነጋዴ በር ይከፍታል።

ሆኖም ቀረጡ የሚጠቅመው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፥ ደረጃ በደረጃ የሚቀንስበትና የሚያበቃበት ቀን አብሮ ይታወጅ፤ ድንገት የተነሣ እንደ ሆነ በውድ ቀረጥ ዕቃ ያከማቸው ባለሱቅ ይከስራል። ሁለተኛ፥ ላኪው ለምርቱ በገዛው የውጭ ዕቃ ላይ የከፈለው ቀረጥ ሳይዘገይ ይመለስለት። ሦስተኛ፥ በተገኘው ፋታ የመንግሥት ወጪ ይመጠን፥ ወደ ውጭ የሚላከው ምርት በብዛትም በጥራትም ይታደግ። ጣራው በሚያፈስ ቤት ውስጥ ጋን መደቀን ለአንድ ሌሊት ይረዳ እንደ ሆነ እንጂ ክረምቱን አያሻግርም።