«ጠግቤያለሁ» ማለቱን ብንተወውስ?



ዛሬ ስለ ምግብ ቤት እናውራ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ቤት የገባ ጉዳይ ነው። ልጆቻችን አድገው፣ ሠራዊቱን ጨርሰው፣ ሥራ ይዘው ደመወዝ ሲቀበሉ «አባዬ፣ እማዬ፣ ዛሬ ውጭ እንጋብዛችሁ» ይሉናል። እኛስ ምን እንላለን? «ቤት ምን ጠፍቶ! እንጀራው አለ፣ ወጡ አለ፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ።»

ከመካከላችን አንድ አባት፣ ሴት ልጁ ለመኖት ቴል አቪቭ አንድ ምግብ ቤት ወሰደችው። ዋጋውን ሲያይ፣ አንዱ ሳህን ብቻውን የሳምንት አትክልት የሚገዛ ሆነበት። አስተናጋጁ ሲመጣ «ጠግቤያለሁ፣ ውሃ ይበቃኛል» አለ። በአገራችን እንግዳ እንዲህ ሲል ባለቤቱ «በሞቴ» ብሎ ይለምናል፤ ሁለቴ ሦስቴ ይጎተጉታል፤ እንግዳውም ያን ጊዜ እጁን ይዘረጋል። አስተናጋጁ ግን «በሰደር» ብሎ ውሃውን አስቀምጦ ሄደ። ልጅቷ ብቻዋን በላች። አባትየው ማታ አሽዶድ ሲገባ፣ ወጥ ቤት ቆሞ ከድስቱ እየጨለፈ ሲበላ አየችው። ምንም አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ግን አልጋበዘችውም።

እሱ ገንዘብ የቆጠበላት መስሎት ነበር። እሷ የሰማችው ግን «ያንቺ ግብዣ አይጥመኝም» የሚለውን ነው። ስለዚህ የኛ ሐሳብ ይህ ነው፦ ልጅ ሲጋብዝ እንሂድ፤ ሄደንም እንብላ። ቦታውን ግን ከልጆቻችን ጋር ሆነን እንምረጥ።

እንዴት እንምረጥ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ካሽሩት ነው። ቴል አቪቭ ነዌ ሻአናን ሰፈር፣ በድሮው አውቶቡስ ጣቢያ አካባቢ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል። የበርበሬው ሽታ ጎንደር ይመልሳል። ነገር ግን ሁሉም የራባኑት ተዑዳ የላቸውም። ስለዚህ ከመቀመጥ በፊት ተዑዳው ግድግዳ ላይ መኖሩን ማየት፣ ቀኑ አለማለፉንም ማንበብ ነው። ልጆቹ በስልክ ደውለው ቢጠይቁ ደግሞ ቦታው ደርሰን ከመጨቃጨቅ ያድነናል። ይሄ ማፈሪያ አይደለም፤ በአገር ቤትም ሌላ ሰው ያረደውን ሥጋ አንበላም ነበር።

ሁለተኛ፣ ወሬ የሚደማመጡበት ቦታ ይሁን። ሙዚቃው ጆሮ የሚበጥስ ከሆነ አባት ከልጁ ጋር ምን ያወራል? ባዶ ሆዳችንን ሄደን ቤታችን ብንበላ ይሻላል። ሐሙስ ማታ ሁሉም ይጨናነቃል፤ በሳምንቱ መካከል በጊዜ መሄድ ይሻላል። ከአሽዶድ ቴል አቪቭ ባቡር አለ፤ «ሩቅ ነው» የሚለው ሰበብ አይሠራም።

ሦስተኛ፣ ሁልጊዜ የራሳችንን ምግብ ብቻ አንፈልግ። ዓሣ በልተን እናውቃለን፤ ጣና ዳር ያደግን አለን። አሽዶድም የባሕር ከተማ ናት። ምላሳችን የማያውቀውን ነገር አንድ ጊዜ ብንቀምስ ምን እንጎዳለን? ልጆቻችን እኮ አሊያ ስናደርግ የማያውቁትን ሁሉ ቀምሰዋል።

አሁን ደግሞ የሞሮኮዎቹን ነገር እናንሳ። በ1956 አሽዶድ ስትቆረቆር መጀመሪያ ከገቡት መካከል ከሞሮኮ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። እነሱም ድሆች ነበሩ፤ እነሱም ተንቀዋል። ኩስኩሳቸውንና ቅመም የበዛበትን ዓሣቸውን ግን አልደበቁም። ዛሬ ኩስኩስ የማን ነው ቢባል የመላው እስራኤል ነው። እኛስ? በ1984ና በ1991 ስንመጣ ጤፍ እንደ ልብ ስላልነበረ በስንዴ ዱቄት እንጀራ ጋግረናል። ልጆቻችን እንጀራ ይዘው ትምህርት ቤት ሲሄዱ ተስቆባቸው በቦርሳቸው መልሰው ያመጡም ነበሩ። ያን ጊዜ እኛም አፍረን ሳንድዊች ማዘጋጀት ጀመርን። ዛሬ ቴል አቪቭ ካርሜል ገበያ አጠገብ «ባልንጀራ» የሚባል ምግብ ቤት ተከፍቶ ነጩም ጥቁሩም በእጁ እየቆረሰ ይበላል። ስሙን ልብ በሉ፦ ባልንጀራ ማለት እንጀራ አብሮ የሚቆርስ ማለት ነው። ለልጆቻችሁ ትርጉሙን ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ አያውቁትም።

እዚህ ሮቫ አሌፍ ውስጥ እጃቸው የሚጣፍጥ እናቶች አሉ። በቤታቸው ጋግረው ለሠርግ፣ ለሐዘን፣ ለስግድ ያደርሳሉ። ዶሮ ወጡን ያለ ቅቤ፣ በዘይት ብቻ አሳምረው ይሠሩታል። ነገር ግን ልጅ አባቱን ይዞ የሚቀመጥበት፣ ቡናው እስከ በረካ የሚጠጣበት ቤት ያስፈልገናል። እንዲህ ያለ ቤት አንዷ ብትከፍት፣ «ይሄንንማ እኔም ቤቴ እሠራዋለሁ» ብለን በሩን እንዳንዘጋባት። እኛ ካልበላንላት ማን ይበላላታል?

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን የሚጋብዙን ምግብ ስላጣን አይደለም። ድሮ እኛ ጉርሻ እናጎርሳቸው ነበር፤ አሁን ተራው የነሱ ነው። ጉርሻ ደግሞ አይመለስም።

ያ አባት ሰሞኑን ራሱ ለልጁ ደወለ። «ርቦኛል፤ የት ትወስጂኛለሽ?» አላት። እሷም መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላም ዝም አለች፣ ከዚያ «መጣሁ አባዬ» አለችው።

ሻሎም ሁኑ።