ለአንድ ቁልፍ ስንት ይከፈላል?

«እህቴ፣ ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው።»

ላፕቶፑን ይዞ የጥገና ሱቅ ደጃፍ የረገጠ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል። ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ? ፎርማት። ቫይረስ ገባበት? ፎርማት። አልነሳም አለ? ምን ጥያቄ አለው፣ ፎርማት!

እኔን ያጋጠመኝ እንዲህ ነው። ላፕቶፔ ላይ ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነበረኝ፤ ዊንዶውስና ኡቡንቱ። (ለምን ሁለት ትሉኝ ይሆናል። ፕሪንት ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ሰክታችሁ ፋይላችሁ ሁሉ «ሾርትከት» ሆኖ ካገኛችሁት አትጠይቁኝም።) ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን ለጌሙ ቦታ ይጠበዋል። ዊንዶውስ ውስጥ ገብቶ ስም የሌለው ፓርቲሽን ያገኝና ይሰርዘዋል። ያ ስም የለሽ ኡቡንቱዬ ነበር። በማግስቱ ላፕቶፑን ስከፍተው ጥቁር ስክሪን፣ «ግረብ» የሚል ቃል፣ ብልጭ ድርግም የምትል ጭረት። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም።

ኡቡንቱው ላይ የሚያስቆጭ ነገር አልነበረኝም። ዊንዶውሱ ውስጥ ግን ለመመረቂያ ጽሑፌ የቀረጽኳቸው ቃለ ምልልሶች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ የእርሳስ ፊደል ሲለቅሙ ዕድሜያቸውን የፈጁ የማተሚያ ቤት አዛውንት ድምፅ ነው። እሳቸው አሁን በሕይወት የሉም። ሌላ ቦታ አልገለበጥሽውም ወይ ብትሉኝ፣ አልገለበጥኩትም። ያውም ጋዜጠኝነት ተመርቄ! እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሴ ነው፤ አልከራከርም።

ቴክኒሻኑ ስክሪኑን አንዴ አየና ፍርዱን ሰጠ። «ዳታዬስ?» ስለው «እሱ ይጠፋል፤ ከፈለግሽ ሪከቨሪ ይሞከራል፣ ሒሳቡ ግን ለብቻ ነው» አለኝ። ላፕቶፔን አቅፌ ወጣሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረች ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ላፕቶፑ ኤችፒ መሆኑን ስነግራት «አጥፊውና ስታበሪው ኤፍ 9ን ደጋግመሽ ተጫኚ» አለችኝ። እዚያው ሰልፉ ላይ ተጫንኩ። ዝርዝር መጣ፤ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚለውን መረጥኩ። ዊንዶውሱ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሳ። ድምፆቹ በሙሉ አሉ።

ምን ሆኖ ነበር? ሁለት ተከራይ ያለበት ግቢ አስቡ። በሩ ላይ «ማንን ፈልገው ነው?» የሚል ዘበኛ አለ፤ ግረብ የሚባለው እሱ ነው። የሚቀጥረው ሊኑክስ ነው፣ መዝገቡንም የሚያስቀምጠው ሊኑክስ ክፍል ውስጥ ነው። ወንድሜ ክፍሉን ሲያፈርሰው መዝገቡ አብሮ ሄደ፤ ዘበኛው ብቻውን በሩ ላይ ግራ ተጋብቶ ቀረ። የዊንዶውስ ክፍል ግን አንድ ጡብ አልተነካም። ኤፍ 9 ማለት ዘበኛውን ትቶ በሌላ በር መግባት ነው። ዴልና ብዙዎቹ ሌኖቮዎች ላይ ኤፍ 12 ነው።

ይህ ሌላ በር ድሮ አልነበረም። በአሮጌዎቹ የባዮስ ማሽኖች ማስነሻው የሚቀመጠው በሃርድ ዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ ነበር፤ ከዚያም ለማስነሻ ኮዱ የሚደርሰው 446 ባይት ብቻ ነው። አንድ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ ወንበር በሏት። ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን የተቀመጠውን አስነስቶ ይቀመጥባታል፤ «መጀመሪያ ዊንዶውስ፣ ቀጥሎ ሊኑክስ» የሚባለው ምክርም የመጣው ከዚህ ነው። ዩኢኤፍአይ ያላቸው አዳዲሶቹ ግን ለማስነሻ ብቻ የተለየች ትንሽ ፓርቲሽን አላቸው፤ ሁለቱም ሲስተሞች የየራሳቸውን ፎልደር እዚያ ያስቀምጣሉ። በድንገት ዊንዶውስ ብቻ መነሳት ከጀመረም ብዙ ጊዜ የተቀየረው ቅደም ተከተሉ ነውና ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ ኡቡንቱን ወደ ላይ ማምጣት ነው። ዘበኛው ራሱ ከታመመ ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነስቶ «ቡት ሪፔር» በሚባል ፕሮግራም እንደገና መቅጠር ይቻላል። ከዚህ ሁሉ ፎርማት የሚጠይቅ አንድም የለም።

ጥፋቱ ደግሞ ሁሌ የታናሽ ወንድም አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 2024 ማይክሮሶፍት የለቀቀው የዊንዶውስ አፕዴት የተጋላጭ ማስነሻዎችን፣ የቆዩ ግረቦችን ጭምር፣ ለማገድ የታሰበ ነበር። ሁለት ሲስተም ያለባቸውን ማሽኖች አይነካም ተብሎም ነበር። ነካ። ብዙ ሰዎች ሊኑክሳቸውን ሊያስነሱ ሲሉ «አንድ ነገር ክፉኛ ተበላሽቷል» የሚል መልእክት መጣና ማሽኑ ጥፍት አለባቸው። መላው ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ ሊኑክስ ውስጥ መግባት፣ አፕዴቱ ያስገባውን አዲስ ሕግ መሰረዝ፣ ከዚያ ሴኪዩር ቡትን መመለስ ነበር። ኩባንያው ራሱ ችግሩን በአፕዴት የዘጋው በ2025 ሜይ ወር ላይ ነው። ዘጠኝ ወር! ልጅ ተረግዞ ይወለዳል።

ሴኪዩር ቡትን ከመንካታችሁ በፊት ግን አደራ፣ ዊንዶውሳችሁ በቢትሎከር የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን እዩ። ከተቆለፈ ባለ 48 አሃዙን የማስከፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ዊንዶውስ በሩን ጠርቅሞ ቁጥሩን የጠየቃችሁ ዕለት ጓደኛዬም አታድናችሁም።

ቴክኒሻኑን አልረግመውም። ፎርማት የታወቀ ሰዓት ይፈጃል፣ የታወቀ ዋጋ አለው፣ ሲያልቅም ይታያል። ኤፍ 9ን ተጭኖ «ጨርሻለሁ፣ ሒሳብ» ቢለኝ እከፍለው ነበር? እውነቱን ለመናገር «ለአንድ ቁልፍ?» ብዬ እጨቃጨቀው ነበር። ስለዚህ የምንከፍልበትን ይሸጥልናል። ግን የሰው ዳታ ያለበትን ማሽን ከመደምሰሱ በፊት በሌላ በር ይነሳ እንደሆነ መሞከር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለዚያች አምስት ደቂቃ ዋጋ ይቁረጥላት፣ እኛም እንክፈል። ክሊኒክ ስንሄድ ሐኪሙ ሳያየን ካርድ እናወጣ የለ?

ይህን የምለው ነገሩ ስለሚበዛ ነው። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ደግሞ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። ከዊንዶውሱ ጎን ሊኑክስ የሚጭን ሰው እየበዛ ቢሄድ አይገርመኝም። ያ ሁሉ ዘበኛ የታመመ ዕለት ወደ እነዚያው ሱቆች ነው የሚሄደው።

እኔ የዚያኑ ዕለት ማታ የአዛውንቱን ድምፅ ሁለት ቦታ ገለበጥኩ። ወንድሜ ጌሙን ጭኖ ጨርሷል። ኡቡንቱን መልሼ የምጭንበት ቦታ ግን አልተረፈልኝም፤ እየተደራደርን ነው።