“ይቻላል” እና “ግድ ነው”

በዚህ ዓምድ ስለ ባልና ሚስት ጠብ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ አማትና ምራት ስናወጋ ቆይተናል። ዛሬ ግን ስለ ሎጂክና ስለ ፍልስፍና ታሪክ ልጽፍላችሁ ነው። ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ! ለዩኒቨርሲቲ የደረሰ ልጅ ካላችሁ ነገሩ ቤታችሁ መግባቱ አይቀርም። ሐኪም ልሁን የሚለውም መሐንዲስ ልሁን የሚለውም በአንደኛ ዓመቱ “ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ” የሚባል ትምህርት ይወስዳል።

መነሻ የሆነኝ አንድ የውጫሌ ጉዞዬ ነው። ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲኬድ ሐይቅ ከታለፈ በኋላ የምትገኝ የአምባሰል ከተማ ናት። ለባልና ሚስቶች ትምህርት ተጋብዤ ሄጄ ሳለ ያሳደሩኝ ባልና ሚስት፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ “ወንድማችን፣ አንድ ጭንቀት አለብን፤ ልጃችንን ምከርልን” አሉኝ። ልጃቸው አዲስ አበባ ፍልስፍና ታጠናለች። ያውም ተመድባ ሳይሆን ራሷ መርጣ ነው የገባችበት። አባትየው መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ቆላስይስ 2፥8ን፣ ጳውሎስ ስለ ፍልስፍና የሚያስጠነቅቅበትን፣ በጣቱ አሳየኝ። “ይኸው ተጽፏል። ትምህርቷን እንድትቀይር ንገርልን” አለ። እናትየዋ ቡናውን እየቆላች ዝም አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በልቤ ከአባትየው ጋር ነበርኩ። ምክሬን አዘጋጅቼ ነበር። ጥግ ላይ የተቀመጡት የእናትየዋ አባት ግን ቀደሙኝ። እርሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ወሎ ነውና በአንድ ቤተ ዘመድ ሁለት እምነት መኖሩ ማንንም አያስገርምም። በወጣትነታቸው ከሼሆች ዘንድ ኪታብ የተማሩ ሰው ናቸው። “ይህ ሎጂክ የምትሉት እኛ መንጢቅ የምንለው አይደለም ወይ? ታዲያ ውጫሌ ላይ ተቀምጣችሁ ምን ይጠቅማል ትላላችሁ? ይስማ ንጉሥ ሂዱና ጠይቁ!” አሉ።

ይስማ ንጉሥ ከውጫሌ አጠገብ ያለች ስፍራ ስትሆን፣ ዓፄ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ፔትሮ አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተዋዋሉባት ናት። ውሉ 20 አንቀጽ ነበረው፤ ያጣላው ግን 17ኛው ነው። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ “ይቻላቸዋል”። በኢጣሊያንኛው ግን በኢጣሊያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል። ሮም ይህን ይዛ ከ5 ወር በኋላ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ስለ 17ኛው ሁላችንም ሰምተናል፤ 19ኛው አንቀጽ ግን ብዙም አይነሳም። እርሱ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም ይስማማሉ፣ ሁለቱም እኩል የጸኑ ናቸው ይላል! ሎጂክ የቀመሰ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። “ቢፈልግ ይችላል” እና “ግድ አለበት” አንድ ካልሆኑ፣ ሁለቱ ጽሑፎች እንዴት ሊስማሙ ይችላሉ? ምኒልክ ውሉን በየካቲት 1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ ከ3 ዓመት በኋላ ዐድዋ ሆነ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ውል የውጫሌው ተሻረ። ጦርነቱን ያመጣው ይህ ቃል ብቻ ነው አልልም፤ የሰው አገር የተመኘ መንግሥት ሰበብ አያጣም። ሆኖም ሰበቡ ይህ ቃል ነበር።

ሽማግሌው ነገሩን ባጭሩ ጨረሱት፤ “ጃኢዝ የሆነውን ዋጂብ አደረጉት” አሉ። ጃኢዝ የተፈቀደ፣ የሚቻል ማለት ነው፤ ዋጂብ ግን ግድ ነው።

ልጅቷ ደፍራ ወደ ጨዋታው የገባችው ይህን ጊዜ ነበር። በሚቻለውና ግድ በሆነው መካከል ያለውን ልዩነት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን የነበረው አርስቶትል በሰፊው እንደ መረመረው፣ እ.ኤ.አ. ከ980 እስከ 1037 የኖረው ኢብን ሲና ደግሞ ስለ ፈጣሪ መኖር ያቀረበውን ማስረጃ በዚሁ ልዩነት ላይ እንደ መሠረተው ነገረችን። ፍጥረት ሁሉ ሊኖርም ላይኖርም ይችል የነበረ፣ እግዚአብሔር ግን መኖሩ ግድ የሆነ ነው ማለት ነው። “የግሪኮቹ መጽሐፍ ዐረብ አገር ማን አደረሰው?” ብዬ ጠየቅኋት። መልሷን አልጠበቅሁትም። ከአድራሾቹ ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ! በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ የነበረው ሐኪሙ ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ ክርስቲያን ነው። እርሱ የሰበሰበው የፈላስፎች አባባል በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል በተባሉ ሰው ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሶ “አንጋረ ፈላስፋ” ሆነልን። ይህንና ሌሎቹን የአገራችንን የፍልስፍና ጽሑፎች አስፍተው ያጠኑት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር ናቸው። (የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ በእርግጥ የዘርዓ ያዕቆብ ነው ወይስ በ19ኛው መቶ ዘመን የነበረ የአንድ ኢጣሊያዊ ሚሲዮናዊ ድርሰት የሚለው ክርክር ግን ዛሬም አልተዘጋም። እርሱን ቢያንስ ሌላ ጊዜ ነው።)

አባትየው አልተረታም። “ይሁን፤ እምነትን ያፈርሳል ግን” አለ። ልጅቷ ለአያቷ ኢማም ገዛሊን፣ ለአባቷ ማርቲን ሉተርን ጠራች። አቡ ሐሚድ አል ገዛሊ (1058–1111) ፈላስፎቹን በ20 ነጥብ የሚሞግት መጽሐፍ ጽፏል። ከ20ው በ3ቱ ክህደት አለባቸው ብሎ ፈርዷል፤ ዓለም መጀመሪያ የለውም በማለታቸው፣ እግዚአብሔር ጥቃቅኑን ነገር በየራሱ አያውቅም በማለታቸውና የሥጋን ትንሣኤ በመካዳቸው። መንጢቅን ግን አልጣለም፤ እንዲያውም ለሃይማኖት ሊቃውንት አስፈላጊ ነው ብሎ አስተማረ። ከ400 ዓመት በኋላ ሉተርም ተመሳሳይ ነገር አደረገ። በአርስቶትል ላይ የሰነዘረውን ስድብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1520 ስለ ዩኒቨርሲቲዎች መታደስ ሲጽፍ ሌሎቹ የአርስቶትል መጻሕፍት ይውጡ፣ የሎጂኩ፣ የንግግሩና የግጥሙ ይቅሩ አለ። ሁለቱ ሰዎች አልተዋወቁም፣ በእምነትም አይገናኙም፤ በዚህ ጉዳይ ግን ገጠሙ።

ከዚህ በኋላ ቆላስይስን ማንበብ የእኔ ፈንታ ሆነ። ውድ አንባቢ፣ እስቲ እናንተም ክፍሉን ገልጣችሁ ተመልከቱ። ጳውሎስ ተጠንቀቁ ይላል። “ተጠንቀቁ” ማለት “አትማሩ” ማለት ነው? ያው ጳውሎስ በአቴና ከኤፊቆሮስና ከኢስጦኢክ ወገን ፈላስፎች ጋር ተነጋግሯል፤ ከራሳቸው ባለ ቅኔዎችም ጠቅሶላቸዋል (ሐዋ. 17)። ሳያውቃቸው እንዴት ሊጠቅሳቸው ቻለ? እኛ ግን ማስጠንቀቂያውን ወስደን ክልከላ አድርገነዋል። ይህን ስናገር ሽማግሌው ፈገግ ብለው አዩኝ፤ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል።

የአባትየውን ፍርሃት ግን ከንቱ አልለውም። ልጅቷ ራሷ በመጀመሪያው ዓመት ጸሎት እንቢ ያላት ጊዜ እንደ ነበር አልደበቀችም። “ያኔ ለማን ነገርሽ?” አልኳት። “ለማንም። ቤት ብናገር ‘ይኸው፣ አላልንም?’ እንዳትሉኝ ፈራሁ” አለች። እናትየዋ መቁያውን አስቀመጠችው። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ሲመጡ ምን እንደ ተማሩ ጠይቋቸው፤ መልሱን ባታውቁትም ጠይቋቸው።

ከዚያ ደብተሯን አመጣች። “ዝናብ ከዘነበ ግቢው ይረጥባል። ዘንቧል። ስለዚህ ግቢው ረጥቧል” ይላል፤ ትክክል ነው። ቀጥሎ፣ “ዝናብ ከዘነበ ግቢው ይረጥባል። ግቢው ረጥቧል። ስለዚህ ዘንቧል” ይላል። ይህ ስሕተት ነው። አባትየው ለምን ሲላት በሩን ከፍታ አሳየችው። ደረቅ ቀን ነበር፤ ግቢው ግን እናትየዋ የደፋችው የልብስ እጣቢ አርሶታል። ሳቅን።

በሚቀጥለው ገጽ ላይ የራሷን ምሳሌ ጽፋ ነበር። “ኃጢአት የሠራ ሰው መከራ ያገኘዋል። ይህ ሰው መከራ አግኝቶታል። ስለዚህ ኃጢአት ሠርቷል።” ከጎኑም “የኢዮብ ወዳጆች፣ ዮሐንስ 9” ብላለች።

ሲኒውን አስቀመጥኩ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ለባለትዳሮች ምክር መስጠት እንደ ጀመርኩ፣ በ6 ዓመት ትዳራቸው ልጅ ያላገኙ ባልና ሚስት መጥተውብኝ ነበር። ያልተናዘዛችሁት ነገር እንዳለ መርምሩ አልኳቸው። በዚህም አላበቃሁም፤ እርሷን ለብቻዋ ጠርቼ ከጋብቻ በፊት ስለ ነበራት ሕይወት ጠየቅኋት። ጥቅስም ነበረኝ፣ ጾምም ነበረኝ፣ ጽኑ እርግጠኝነትም ነበረኝ። ግቢው ረጥቧልና ዘንቧል አልኩ። ሌላ ነገር ሊያረጥበው እንደሚችል፣ ሐኪም ቤት መሄድ እንዳለባቸው እንኳ ትዝ አላለኝም። ከዚያ በኋላ ከጉባኤያችን ቀሩ። “ስሕተታቸው ስለ ታወቀባቸው ነው የቀሩት” ብዬም አውርቻለሁ። አሁን ደብተሩን ሳየው ይህኛውም ያው ስሕተት ነው። የተነቃበት ሰው ይቀራል፤ ቀርተዋል፤ ስለዚህ ተነቅቶባቸዋል! ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ አባትየው መኪና ተራ ድረስ ሸኘኝ። “እንግዲህ ምን ልበላት?” አለኝ። ደብተሩን አንድ ሳምንት እንድታውስህ ጠይቃት አልኩት። ሰሞኑን ደውሎ 3ኛው ገጽ ላይ እንዳልገባው ነግሮኛል።

እኔ ደግሞ ቤቴ እንደ ገባሁ የእነዚያን ባልና ሚስት ስልክ ከአንድ ወዳጄ ተቀበልኩ። ለመደወል 4 ቀን ፈጀብኝ። ስልኩን ያነሳችው እርሷ ነበረች። ስሜን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ይቅርታ ልጠይቅ እንደ ደወልኩ፣ ያን ቀን የጠየቅኋትን ለመጠየቅ ምንም ምክንያት እንዳልነበረኝ ተናገርኩ። ከኋላዋ የሕፃን ሳይሆን የሬዲዮ ድምፅ ይሰማ ነበር። “ቆይ፣ እርሱን ልጥራው” አለችኝ፤ “እርሱም ይስማው።”