ሰላም ጓድ ማንን አስተማረ?

ሰሞኑን ዶርም ውስጥ ክርክር ተነሳ። አንዱ ወገን «ሰላም ጓድ ባይመጣ ኖሮ ያ ሁሉ የጠቅላይ ግዛት ተማሪ አስተማሪ ከየት ያገኝ ነበር?» አለ። ሌላው «እንዴ! ሊሰልሉ እንጂ ሊያስተምሩ መጡ?» ብሎ ጠረጴዛ መታ። እኛ በሁለቱም አልረካንም። አንደኛው ምስጋናውን እንጂ ሂሳቡን አያይም፤ ሁለተኛው ሁሉንም ጆሮ ጠቢ ብሎ ከጥያቄው ያመልጣል። ጥያቄው ግን ይኸው ነው፦ በመንግሥት ገንዘብ ባሕር ተሻግሮ የሚሠራ በጎ ፈቃድ ማንን ይጠቅማል?

እስቲ ከራሳቸው ሕግ እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ1961 በኬኔዲ ዘመን የወጣው የሰላም ጓድ ሕግ ሦስት ዓላማ አለው። አንደኛው የሠለጠነ ሰው ለቸገራቸው አገሮች ሰው መላክ ነው። ሁለተኛው ሌላው ሕዝብ አሜሪካኖችን እንዲያውቅ፣ ሦስተኛው አሜሪካኖች ሌላውን ሕዝብ እንዲያውቁ ማድረግ ነው። ልብ በሉ! ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው እርዳታ። ሁለቱ ትውውቅ ናቸው። እኛ ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ ስለ ሲሶው ስንጨቃጨቅ ኖርን።

እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አገራችን የገባው የመጀመሪያው ቡድን ከ270 በላይ ወጣቶች ነበሩት። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዎች ሆኑ። ይህን የሚክድ አይኑር፤ አስተማሪ ላጣ ክፍል አስተማሪ መጥቷል። ግን እነሱስ ምን ይዘው ሄዱ? ፖል ሶንጋስ ወሊሶ አስተምሮ ተመለሰ፤ ኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆነ፤ በ1992 ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ተወዳደረ። ቻርልስ ሰተን እዚሁ ማሲንቆ ተምሮ ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጋር ሠራ። ታዲያ ማሲንቆውን ያስተማረውን ሰው በጎ ፈቃደኛ ብሎ የመዘገበው ማነው? አማርኛ ያስለመደችው ጎረቤት፣ ሆዱን ሲያመው አጥሚት ያፈላችለት የቤት አከራይ፣ በየትኛው በጀት ተጻፉ? የአገልግሎቱ ዘመን ሃያ ሰባት ወር ነው። ሃያ ሰባት ወር ሙሉ መንደሩም ያስተምር ነበር፤ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ምስክር ወረቀት። ውለታው የሁለት ወገን ነው የምንለው ለዚህ ነው። አንገት የሚያስደፋ ነገር የለም።

አሁን ወደ መንግሥት እጅ እንምጣ። ፈቃዱ የወጣቱ ነው፤ ቲኬቱ ግን የመንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የሁለቱ መንግሥታት ነገር ሲበላሽ ሰላም ጓድ ወጣ። በ1995 ተመለሰ። በጦርነቱ ጊዜ በ1999 እንደገና ወጣ። በ2007 ደግሞ መጣ። በ2020 ኮሮና ሲገባ ከስድሳ በላይ አገሮች የነበሩት ሰባት ሺህ ያህል ፈቃደኞች በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ አገራቸው ተጠሩ። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ የላካቸው ስለጠራቸው ነው። ጠመኔውን ማን አነሳው? ከጎኑ የአገር ልጅ አስተማሪ ቆሞ የነበረበት ክፍል ትምህርቱ ቀጠለ፤ ያልነበረበት ባዶውን ቀረ። ሚዛኑ ይህ ነው፦ ሰውየው ሲሄድ ማን ቀረ? የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት እንዲህ ነው።

«እንግዲያው ባይመጡ ይሻላል» የሚል ካለ አብረን አንቆምም። የሞቀ ቤቱን ትቶ ሁለት ዓመት በማያውቀው ቋንቋ ተኮላትፎ የኖረን ወጣት ለመንቀፍ መጀመሪያ እኛ ምን አደረግን?

እዚህ ላይ ነው የሚያሳፍረን። እ.ኤ.አ. በ1964 የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ይሠራ ነበር፤ የሚበዛው በማስተማር። የገበሬውን ኑሮ በወሬ ሳይሆን በዓይኑ አየ። እኛስ? ምደባ ሲነገር አዲስ አበባ ለመቅረት ዘመድ ፍለጋ እንሯሯጣለን። ጎሬ ወይም መተማ የደረሰውን ጓደኛችንን «አይዞህ» እንለዋለን፣ ሐዘን የደረሰበት ይመስል! የሚሺጋን ልጅ በደስታ የመጣበትን ከተማ የጅማ መንገድ ያላየ የኛ ልጅ ግዞት ይለዋል።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። የሚመጣ ይምጣ፤ ቋንቋችንን ተምሮ ይምጣ፤ ከጎኑ የኛ አስተማሪ ይቁም፤ የኛም ልጅ በተራው ሄዶ እነሱ ዘንድ ያስተምር። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዳችን አንድ ነገር እንመልስ፦ የፈረንጁ ልጅ ሁለት ዓመት ለሰጠበት መንደር እኛ አንድ ክረምት እንሰጣለን ወይ? «አዎ» የሚል ይህን ክርክር ይቀጥል። «አይ» የሚል ስለ ሰላም ጓድ አፉን ባይከፍት ይሻለዋል።